ጭነቱን ያደረሱት ሰዎች

በሲኒማ ራስ ዙሪያ የሚነግድ ሰው አንድ ነገር ከማንም ሳይማር ያውቃል፦ ያልደረሰ ዕቃ ዕቃ አይባልም። የደሴ መንገድ ሲዘጋ፣ ከጂቡቲ የተነሣ መኪና አዋሽ ላይ ሲቆም፣ ወሬው ጋዜጣ ሳይደርስ የመርካቶ ዋጋ ይናገረዋል። ጫኝና አውራጁ፣ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ደላላው ሁሉ እንጀራ የሚበላው በዚሁ እውነት ነው። ስለ ጭነት ይህን ያህል የሚያውቅ ሕዝብ ግን የራሱን የጦርነትና የረሃብ ታሪክ ሲያወራ «ማን ተኮሰ? ማን አሸነፈ?» ይላል እንጂ «ማን አደረሰው?» ብሎ አይጠይቅም። በተለይ የአየር ኃይላችን ታሪክ በተዋጊ አውሮፕላኖችና በአብራሪዎቻቸው ዙሪያ ብቻ ስለሚተረክ፣ ወታደሩን፣ ጥይቱን፣ ቁስለኛውንና እህሉን ተሸክመው ተራራ ለተራራ ሲመላለሱ የኖሩት የማጓጓዣ አውሮፕላኖችና የበረራ ባልደረቦቻቸው ከትረካው ውጭ ቀርተዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፦ እነሱ ሲዘለሉ የሚጎድለው የጥቂት ሰዎች ክብር ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ እንዴት እንደቆመ፣ እንዴት እንዳዳነና እንዴት እንደበደለ የሚያሳየው ዋና ማስረጃ አብሮ ይጎድላል።

ለተዋጊ አብራሪዎች የተሰጠው ክብር የሚገባቸው ነው። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚጎች በኤፍ-5 የመታው፣ በኋላም 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት የማቀቀው ለገሠ ተፈራ የሀገር ጀግና ቢባል ማንም አይከራከርም። ሁለት ጊዜ በተለያየ ዘመን ተመትቶ የወደቀው በዛብህ ጴጥሮስም ስሙ በየቤቱ ይነሣል። ነገር ግን በዚያው ጦርነት ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ጥይት አድርሶ ቁስለኛ ይዞ ከተመለሰ የዳኮታ ወይም የሲ-119 ባልደረባ የአንዱን ስም እንኳ የሚጠራ አንባቢ ማግኘት ይከብዳል። «አንቶኖቭ» የሚለውን ስም የማያውቅ የለም፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ማሽኑን ነው። በውስጡ አብራሪና ረዳት አብራሪ፣ ናቪጌተር፣ የበረራ መሐንዲስ፣ የሬዲዮ ሠራተኛና የጭነት ኃላፊ እንደነበሩ፣ እያንዳንዳቸውም የተለየ ሙያ እንደነበራቸው ጨርሶ ተረስቷል።

መነሻውን እንይ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ላይ ሲያርፍ የአገሬው ሕዝብ ተአምር አየ። ከሳምንታት በኋላ የተከተለው ዩንከርስ ደብልዩ 33 ግን በሥሪቱ ሰውና ዕቃ ማመላለሻ ነበር። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቼም ጦርነት፣ አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ በረረ፤ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ደጋግመው የሚያነሡትም ይህንኑ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ጥቂት አውሮፕላኖች የጠላትን አየር ኃይል ሊገጥሙ አይችሉም ነበር፤ የዋሉት መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው በማመላለስ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን የመራቸው በረራዎች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነበሩ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በቀይ መስቀል ሥር የአምቡላንስ አውሮፕላን እየነዳ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ይኸው ሰው ከነጻነት በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ አየር ኃይሉን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1966ቱ ረሃብ በትንንሽ አውሮፕላኖች እህል ከአየር እየጣለ መንገድ የሌላቸውን መንደሮች ደረሰላቸው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ታጣቂዎች ጥቃት ሞተ። ይህ ሰው በቢያፍራ ጦርነት ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቆ የተዋጋም ስለነበር ንጹሕ መልአክ አድርጎ መሣል አይገባም። በኢትዮጵያ ያለው የአርባ ዓመት ታሪኩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማድረስ ታሪክ ነው።

ዛሬ የምንኮራበት አየር መንገድ ራሱ ከጦር ማጓጓዣ አውሮፕላን መወለዱን ስንቶቻችን ልብ እንላለን? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የገዛቸው አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ 5 የአሜሪካ ጦር ዳግላስ ሲ-47ዎች ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያ በረራም በእነዚሁ ነው። መንገደኛው በጎንና በጎን በተዘረጋ የወታደር አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ፣ መሐሉ ላይ ጭነት ይደረደር ነበር። በዚያው ዘመን አየር ኃይሉም ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን ይዞ ነበር፤ አየር ወለዱ ዝላይ የተማረው፣ ሩቅ ያለ የጠረፍ ጦር ሰፈር ስንቅ ያገኘው በዳኮታ ነው። በሲቪሉና በወታደሩ መካከል ያለው አጥር ቀጭን ሆኖ ኖረ፤ አብራሪውም መካኒኩም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። አየር መንገዱ ዛሬ በጭነት ማጓጓዝ በአፍሪካ ግንባር ቀደም ሆኖ ሲጠራ ሥሩ ከዚያ አግዳሚ ላይ ይጀምራል።

የሙያውን ክብደት ለመረዳት የሀገሪቱን ከፍታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቦሌና አስመራ ሁለቱም ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ፤ መቀሌም ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይጎድለዋል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ የሚሸከመውም ይቀንሳል። ቆላ ወርዶ ጎዴ ወይም ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ በሌላ በኩል ያንኑ ያደርጋል። የጭነት ኃላፊው ኩንታሉን፣ በርሜሉንና ሳጥኑን እንዲሁ አይደረድርም፤ የክብደቱ ማዕከል ከልክ በላይ ወደ ኋላ ካዘነበለ፣ ወይም ማሰሪያ ተበጥሶ ጭነቱ በመነሣት ላይ ከተንሸራተተ፣ አፍንጫው ሽቅብ ይቀርና አብራሪው የፈለገውን ቢያደርግ አይመለስለትም። ናቪጌተሩ በቂ የመሬት ራዳርና የመብራት ምልክት በሌለበት ሀገር፣ ክረምት በደመና ውስጥ፣ ከሰዓትና ከኮምፓስ ጋር እየተሟገተ የተራራውን ጫፍ ያልፋል። ተዋጊ አብራሪ አደጋ ሲመጣ ፍጥነትና የማምለጫ ወንበር አለው። ባለ ሙሉ ጭነት አንቶኖቭ ግን ለማምለጥ የሚያስችል ፍጥነት የለውም፤ ከኋላው የተቀመጠው ወታደርም ሆነ ቁስለኛ ፓራሹት አልታጠቀም። ስለዚህ አብራሪው ጥሎት የሚዘልል አውሮፕላን የለውም።

አሁን የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል፦ በትልልቆቹ ጊዜያት ያጓጓዙን የውጭ ሰዎች አልነበሩምን? በከፊል እውነት ነው። በ1960ዎቹ አየር ኃይሉ ከአሜሪካ ያገኛቸው ሲ-119ዎችና ዳኮታዎች የኦጋዴን ጦርነት ሲፈነዳ ቁጥራቸውም አቅማቸውም ለዚያ ግንባር አይበቃም ነበር። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ግዙፎቹ አንቶኖቭ-22ና ኢሊዩሺን-76 ከሶቭየት ኅብረት መሣሪያ እያራገፉ ሲመላለሱ፣ በባሕር ከመጣው ጋር ተደምሮ ዋጋው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። በየዓመቱ የምናከብረው የካራማራ ድልም ያለ ማጓጓዣ ሊታሰብ አይችልም። የሶማሊያ ጦር የካራማራን በር ይዞ ሲጠብቅ፣ ግዙፍ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ተሸክመው በአሕመር ተራሮች ላይ ተሻግረው ከጠላት ጀርባ አወረዱ፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። በዕቅዱ በጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የሚመራው የሶቭየት ቡድን ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ክርክሬን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠናክር ነው። የራሳችን የማጓጓዣ አቅም ታሪክ ቢጻፍ ኖሮ በሌላ አቅም ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠልን፣ ለዚያም በፖለቲካ ምን እንደከፈልን በግልጽ ይታየን ነበር። ከዚያ በኋላ በብዛት የመጡት አንቶኖቭ-12ዎችም ለኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ተሰጥተው በሰሜኑ ጦርነት እስከ መጨረሻው በርረዋል።

የ1977ቱ ረሃብ ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው ምዕራፍ ነው። ከጥቅምት 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊሶች፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎች፣ የሶቭየት አንቶኖቮች፣ የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮችና ሌሎችም በአንድ ሰማይ ላይ ሠሩ። አውሮፓ ውስጥ ሚሳኤል ተደጋግነው የሚተያዩ ሁለት ጎራዎች ነበሩ። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ላይ ግን የፖላንድ ሄሊኮፕተር ቀድሞ ሜዳውን መርጦ፣ ሕዝቡንና ከብቱን አርቆ ምልክት ያደርጋል፤ የእንግሊዝ ወይም የጀርመን አውሮፕላን ተከትሎ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ እየበረረ በተደራረበ ከረጢት የታሸገውን እህል በኋላ በሩ ይለቃል። ከረጢት የሚደራረበው የውስጠኛው ቢፈነዳ የውጪው እንዲይዘው ነው። ከፍ ቢል እህሉ ይበተናል፤ ዝቅ ቢል ክንፉ ከአምባው ጋር ይላተማል። ራቤልን የመሰሉ መንገድ ያልደረሰባቸው ቦታዎች በዚህ መንገድ እህል አገኙ። ብሪታንያውያን ስለዚያ ዘመቻቸው ጽፈዋል፣ ፖላንዳውያንም ጽፈዋል። ኩንታሉን የሸከፉት፣ የጫኑት፣ ነዳጁን የሞሉት፣ ከቦታ ቦታ ያስተረጎሙትና ሜዳውን ያሳዩት ኢትዮጵያውያን ግን በእነዚያ ትዝታዎች ውስጥ የሚታዩት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በእኛ በኩል የቀረውም የዕርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን አለቆች የጻፉት ነው፤ ከመንደርደሪያው ዳር የቆመው ሰው የሚናገረው ገና አልተሰማም።

እዚህ ላይ የመርካቶ ነጋዴ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛም ነው። አውሮፕላን ውድ ነው፣ የሚይዘውም ጥቂት ነው። አንድ አንቶኖቭ-12 ቢበዛ 20 ቶን ይጭናል። 20,000 ቶን ስንዴ ይዞ አሰብ የቆመ አንድ መርከብ ለማራገፍ 1,000 በረራ ይጠይቃል ማለት ነው። በእርግጥም ያንን ዘመን ሕዝቡን ያተረፈው አብዛኛው እህል የመጣው በመርከብና በከባድ መኪና ነው፤ የአየሩ ድርሻ በቶን ሲመዘን ትንሽ ነበር። ስለዚህ ከአውሮፕላን ይልቅ ስለ መኪና ሾፌሮች ብንጽፍ አይሻልም? ስለ እነሱም መጻፍ አለበት። የአየር ጭነት ዋጋ ግን በቶን ብዛት አይለካም። መለኪያው ሌላ መንገድ በሌለበት ቦታና ሰዓት መድረሱ ነው። ድልድዩ የፈረሰበት፣ መንገዱ በጦር የተቆረጠበት፣ ከገደል ማዶ ያለው መንደር ለሁለት ሳምንት ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚባልበት ቀን ላይ 20 ቶን የመንደሩን ዕጣ ይወስናል። እንዲያ ያለ ቀን በኢትዮጵያ ታሪክ ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚነግረን የበረራ መዝገብ ብቻ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ ሌላ ነው፦ እነዚሁ አውሮፕላኖች የግፍ መሣሪያም ሆነዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ፕሮግራሙ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲጋዝ፣ ከፊሉ የተጫነው በአንቶኖቭ-12 ነበር። የዚያ አውሮፕላን የጭነት ክፍል እንደ መንገደኛ አውሮፕላን አየሩ የተጠበቀ አይደለም፤ ከፊት ያለችው የባልደረቦቹ ክፍል ብቻ ናት የተጠበቀችው። ከመቀሌ ተነሥቶ ተራሮቹን የሚሻገር በረራ ማለት በረሃብ የተዳከሙ ሰዎች፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች፣ ተፋፍገው ቆመው፣ በብርድና በስስ አየር ውስጥ ማለፍ ነው። በጊዜው የተጻፉ የሰብአዊ መብት ዘገባዎች ተጨናንቀውና ተረጋግጠው፣ ታፍነውም የሞቱ እንደነበሩ መዝግበዋል። ታዲያ ይህን የሠሩ ባልደረቦች ይታሰቡ ማለት ግፉን መሸፈን አይሆንም? ይሆናል፣ ክብር ብቻ ከጠየቅን። እኔ የምጠይቀው ግን መዝገቡ እንዲወጣ ነው። በአንድ በረራ ስንት ሰው ተጫነ፣ ትእዛዙን ማን ሰጠ፣ የትኛው አብራሪ ጭነቱ ከልክ አለፈ ብሎ ተከራከረ፣ የትኛውስ ዝም አለ? የጭነት ዝርዝር ከመጥፋቱ በፊት ቢገኝ ለተጎጂዎቹ ከማንኛውም መግለጫ በላይ ይጠቅማቸዋል። መልካሙን በረራ ብቻ መርጦ የሚያከብር ሀገር የጎዳውን ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ ይጎዳል።

«አደጋው ግን ከተዋጊው ጋር አይወዳደርም» የሚሉ ይኖራሉ። ለእነሱ አስመራን ማስታወስ ይበቃል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ከወደቀች በኋላ ለአስመራው ጦርና ለከተማው ሕዝብ የቀረው መግቢያ አየር ብቻ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ጥይትም ዱቄትም መድኃኒትም ወደዚያ የገባው በአውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ በመድፍ ይደበደብ ነበር። የጭነት አውሮፕላን ሲያርፍ መንገዱ የታወቀ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው፤ ሲያራግፍ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ያንን ሁሉ ወራት በየቀኑ ማድረግ ምን ዓይነት ነርቭ እንደሚጠይቅ የሚያውቁት ያደረጉት ብቻ ናቸው። በሰላም ጊዜም ቢሆን ሞት ከዚህ ሙያ አልራቀም። ነሐሴ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ ጥይት የጫነ የኢትዮጵያ አንቶኖቭ-12 ሲያርፍ ወድቆ ከ6 ባልደረቦቹ 4ቱ ሞቱ። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ይበር የነበረ የመከላከያ አውሮፕላን ተከስክሶ 18 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም ዜናዎች ለሳምንት ተወርተው አለፉ።

የማጓጓዣ አውሮፕላን በፖለቲካችን ውስጥ ያለው ቦታም እንዲሁ ሳይጠና አልፏል። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ የታመነው ጦር ከክፍለ ሀገር በአውሮፕላን ተጓጉዞ አዲስ አበባ ገብቷል። በግንቦት 1981ዱ ሙከራ ደግሞ ከአስመራ በአንቶኖቭ የመጣው የጄኔራል ቁምላቸው ደጀኔ አየር ወለድ ከተማዋ ደርሶ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ወታደሩን ማድረስ ተችሎ ነበር፤ የጎደለው በመሬት ላይ ያለው ውሳኔ ነበር። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ያነጻጸረ ሰው ማን ከማን ጋር ወገነ ከማለት ባሻገር ማን መንደርደሪያውን ያዘ ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ሌሎች ሕዝቦች ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1948 እና 1949 ምዕራብ በርሊን በአየር ብቻ ስትቀለብ የሞቱት 39 እንግሊዛውያንና 31 አሜሪካውያን የበረራ ሰዎች ስም በዚያች ከተማ ሐውልት ሥር ተቀርጿል። ከቦምብ ጣዮቹ ይልቅ በርሊናውያን የሚያስታውሱት እህልና ከሰል ያመጡትን ነው። በ1954 ዓ.ም. የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ በዘመቱበት ጊዜ፣ በሲ-119 ስንቅ ይዘው ኪንዱ ያረፉ 13 ጣሊያናውያን ተገደሉ፤ ፒሳ ውስጥ ለእነሱ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። በእኛም ቢሆን ሕዝቡ የሚወደው ተዋጊ አውሮፕላን ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ላይ የገጣጠማት «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ስትመለስ የታየው ደስታ ይህን ያረጋግጣል። አንድም ጥይት ሳትተኩስ የተወደደችው ታሪኳ ስለተነገረ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የቀድሞው ጦር ሲበተን ብዙ አብራሪዎችና ቴክኒሺያኖች በጂቡቲ፣ በየመንና በኬንያ በኩል ወደ ዓለም ተበትነዋል፤ ሌሎች ታሠሩ፤ የቀሩትም ሌላ ሥራ ፈለጉ። ሎግ ቡካቸው በየሣጥኑ፣ ፎቶግራፋቸው በየአልበሙ ነው። የሐረር ሜዳው አየር ምድብ፣ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችና አየር መንገዱ ተባብረው የእነዚህን ሰዎች ቃል በድምፅ መቅዳት፣ መዝገባቸውንም ገልብጦ ለባለቤቱ መመለስ ይችላሉ። ወታደራዊ ምሥጢር ነው የሚል መልስ ከአርባ ዓመት በፊት ለተደረገ በረራ አይሠራም፤ አውሮፕላኖቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ግንባሮቹም ተለውጠዋል። ጥያቄዎቹ ግልጽ ናቸው፦ ወዴት፣ ምን ጭናችሁ፣ ስንት ጊዜ፣ በማን ትእዛዝ፣ ማን ሞተ። በ1977 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት የነበረው ናቪጌተር ዛሬ ሰባኛውን አልፏል፤ የዚያን ጊዜ አለቃው የነበረው ካፒቴን በሕይወት ካለ ዘጠናን እየተጠጋ ነው። ሥራው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት እንኳ ሊቆይ አይገባም።